አማቴ ያስወረሷት ሞተር

በሕይወቴ በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ተማሪ ሳለሁ ደረጃዬ ሁልጊዜ ከመሃል ነበር። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ፎቶግራፍ ላይ የስፖርት አስተማሪው ትከሻ ግማሽ ፊቱን የሸፈነበት፣ በቀረው ግማሽ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሣው ሰው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን ቀናኝ። ከመንገድ ውጭ በግዴለሽነት የሚነዱ ተሽከርካሪዎችን ስለመያዝና ስለመውረስ በወጣው ደንብ፣ በወረዳው ተሽከርካሪ የተያዘበት የመጀመሪያው ሰው ሆንኩ። ብዙም ሳይቆይ ተሽከርካሪ የተወረሰበት የመጀመሪያው ሰውም እኔው ሆንኩ። ማዕረግ እንዲህ በላይ በላዩ ሲመጣ ያልለመደ ሰው ይደነግጣል።

ደንቡን አላውቀውም ነበር እንዳልል፣ ለሕዝብ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

እኔ አሰላ የምኖር የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ አስካለ ግን የዲክሲስ ልጅ ናት። ዲክሲስን ለማያውቅ ልንገረው፤ ሰማይ ዝቅ ብሎ ገብሱን የሚያሽበት አገር ነው። ዓይን እስኪደክም ገብስ፣ ከገብሱ ማዶ ስንዴ፣ ከስንዴው ማዶ ደግሞ እንደገና ገብስ። ታዲያ በየሳምንቱ መጨረሻ ከቆላ የሚመጡ ጎረምሶች ጎማው የወፈረ መኪናና የዳገት ሞተር ይዘው እዚያ መፈንጨት ጀመሩ። ለእነሱ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ሣር ነው። ገብስም ሣር፣ ስንዴም ሣር፣ ባቄላም ያበበ ሣር። ገበሬው ወራት ሙሉ ጎንበስ ቀና ብሎ ያሳደገውን ማሳ ለአንዲት ቪዲዮ ሲሉ ረግጠውት ይሄዳሉ። ሰዉ ተቆጣ። መቆጣቱም ልክ ነበር። ደንብ ይውጣ ተባለ።

ረቂቁ በየቀበሌው ሲብራራ፣ ሕግ ቀመስ የሆነ፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል ሰው ተፈለገና ለሚስቴ አገር ሰዎች እኔ ተጠራሁ። ማይክራፎን የያዘ ዓይን አፋር ሰው፣ ሠርግ ቤት ከገባ ፍየል ይብሳል። አንቀጽ አንድን በእርጋታ አነበብኩ። አንቀጽ ሁለት ላይ ድምፄ ወፈረ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ አሽከርካሪ የቃል ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል» ከሚለው ላይ ስደርስ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩና፣

«ማስጠንቀቂያ! ገብስ ማስጠንቀቂያ ዘርተውት ይበቅላል?» ብዬ ጮኽኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባ ክፉ ነው፤ ከሰው አፍ ያልታሰበ ነገር ያወጣል። «ማስጠንቀቂያ ማለት ለሚቀጥለው ጥፋት የሚሰጥ ፈቃድ ነው!» አልኩ። አሁንም ተጨበጨበ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ አንድ ረጅም ሚሊሻ ቆሞ ነበር የሚያጨበጭብልኝ። የሕዝብ አስተያየት የሚመዘግበው ሰው መዘገበ። ደንቡ ጸድቆ ሲመጣ ማስጠንቀቂያዋ የለችም። አንደኛ ጥፋት፣ ይያዛል። ሁለተኛ ጥፋት፣ ይወረሳል። አለቀ።

ያላጨበጨበችልኝ አስካለ ብቻ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር መሰላል አብረህ አስቀምጥ» አለችኝ። የሚስት ምክር እንደ ደጋ ፀሐይ ነው፤ መኖሩ ይታያል እንጂ አያሞቅም ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ሞተሯ። የአስካለ ታናሽ ወንድም ተሾመ አዳማ ይኖራል። ተሾመ በዓመት በዓመት አንድ ሐሳብ ይታመማል። አምና የታመመው እንጉዳይ ነበር፤ ዘንድሮ ቱሪዝም ታመመ። የአርሲን ተራሮች ለማየት የሚመጡ እንግዶችን በመንገድ በመንገዱ እያዞረ ሊያስጎበኝ አንዲት ባለ አራት እግር ሞተር ገዛ። ሞተር ትባል እንጂ ጎማዋ የትራክተር ልጅ ይመስላል፣ መሪዋ የብስክሌት ነው፣ ድምፅዋ የወፍጮ ቤት። ሥራውን እስኪጀምር ዲክሲስ እናቱ ግቢ ልትቀመጥ ተወሰነ።

«ጋሼ፣» አለኝ በስልክ፣ «አይሱዙ ላይ ጭኜ እልካታለሁ። አንተ አስፋልቱ ላይ ተቀበላትና እማዬ ቤት ድረስ የሚነዳልህ ሰው ፈልግ።»

«ሰው ምን ያደርግልኛል? መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ!»

መንጃ ፈቃድ ያለኝ መሆኑ እውነት ነው። ያወጣሁት ገና ጢሜ ሲያቀነቅን ነው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አሳድሰዋለሁ እንጂ አልነዳሁበትም። ያ መንጃ ፈቃድ ዕድሜ ልኩን የተጓዘው ኪሴ ውስጥ ሆኖ በባጃጅና በጋሪ ነው።

«ጋሼ፣ አደራ» አለ ተሾመ በመጨረሻ። «ያለኝን ሁሉ ነው እሷ ላይ ያደረግሁት።»

«ተሾመ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ አትርሳ» አልኩት። ከማን ጋር እንደሚያወራ ባይረሳ ኖሮ ሞተሯን ባልላካት ነበር።

እናታቸውን፣ ማለትም አማቴን እትዬ አሰገደችን፣ እዚህ ላይ ማስተዋወቅ አለብኝ። ሰባውን አጋምሰዋል። አባታቸውም ባለቤታቸውም ስመ ጥር ፈረሰኞች ስለነበሩ ሰው የሚመዝኑት በኮርቻ ላይ አቀማመጡ ነው። እኔ ልጃቸውን ለማግባት መጀመሪያ የመጣሁ ለት አውቶቡስ አዙሮኝ፣ ደጃቸው ላይ ካለው ግንድ ሥር ጎንበስ እንዳልኩ ነው ያዩኝ። በአውቶቡስ የሚያዞረውን ሰው በምን ኮርቻ ይመዝኑታል? ሳይመዝኑኝ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለቤታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ካረፉ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ። ከግቢያቸው አይወጡም፤ ፈረሳቸውን ዳማን ማንም አይጭነውም። አስካለ በየቀኑ ትደውላለች። «ምን አሉ?» ስላት መልሷ አንድ ነው፤ «ምንም።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተሯ ከአይሱዙው ወረደች። ገበያተኛው ከበበን። የአይሱዙው ሹፌር አሳየኝ፤ ከመሪው ቀኝ እጀታ ሥር ምላስ የመሰለች ነገር አለች፤ በአውራ ጣት ስትገፋት ነዳጅ ትሰጣለች፤ ሞተሯ ትሄዳለች። ስትለቃት ትቆማለች። ሕፃን ልጅ የሚችለው ነገር ነው። ሹፌሩ የማያውቀው፣ እኔ ስፈራ የማደርገውን ነው። እኔ ስፈራ የያዝኩትን ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። አጥብቄ ስይዝ አውራ ጣቴ ይገፋል። ሲገፋ ሞተሯ ትፈጥናለች። ስትፈጥን እፈራለሁ። ስፈራ አጥብቄ እይዛለሁ። በዚህ ዓይነት እኔና ሞተሯ እየተበረታታን ሄድን።

መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ቦይ ነበር፤ ዘለልነው። የእሾህ አጥር ነበር፤ የሸሚዜን እጅጌ ተውኩለትና አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ገብስ ነው። ገብስ በአፌ፣ ገብስ በጆሮዬ፣ ገብስ በሸሚዜ ውስጥ። ማሳው የአዴ ፋጤ መሆኑን ያወቅሁት እሳቸው ራሳቸው ከቤታቸው ወጥተው «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ሲሉ ስሰማ ነው። አዴ ፋጤ የአማቴ ጎረቤት ናቸው፤ በሠርጌ ቀን ራሴ ላይ ቅቤ ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው።

መቆም ሲያቅተኝ ማዞር ጀመርኩ። በማሳው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በማሳው ጥግ የአዴ ፋጤ ላም ታስራ ነበር። በአንደኛው ዙር ተያየን። በሁለተኛው ዙር፣ «አሁንም አንተ ነህ?» በሚል ዓይን አየችኝ። በሦስተኛው ዙር ግን ታገሠችኝ ማለት አይቻልም፤ ችካሏን ነቅላ፣ ጭራዋን ሰቅላ ወደ ተራራው ሄደች። እኔም የጭድ ክምር ውስጥ ገባሁ። ሞተሯ ጠፋች። ከክምሩ ውጭ የቀሩት የእኔ እግሮች ብቻ ነበሩ።

ከጭዱ ውስጥ ሆኜ አንድ ገበሬ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። «ምነው ኮምባይነሩ ዘንድሮ ገብሱ ሳይደርስ መጣ?»

በእግሮቼ ጎትተው አወጡኝ። ዓይኔን ከጭድ ጠርጌ ቀና ስል ፊቴ የቆመው ያ በስብሰባው ላይ ቆሞ ያጨበጨበልኝ ሚሊሻ ነው። ከድር ይባላል። ከድር ደንብ በቃሉ የሚያጠና ሰው ነው፤ ሌላው ሰው ዘፈን እንደሚያንጎራጉረው እሱ አንቀጽ ያንጎራጉራል።

«መምህር! እርስዎ ነዎት? ተጎድተዋል?»

«ደህና ነኝ፣ ከድር።»

«አልሐምዱሊላሂ!» አለ ከልቡ። አቧራዬን አራገፈልኝ። ከጆሮዬ ላይ ገብስ ነቀለልኝ። ከዚያም ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «እንግዲያውስ ሞተሯን በደንቡ መሠረት ይዣታለሁ» አለ።

«ከድር፣ የመጀመሪያዬ እኮ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ እንኳ...»

ከድር ከልቡ አዘነልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ተጠንቅቆ፣ «መምህር፣ ማስጠንቀቂያዋን ያስወጧት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤልዎታለሁ» አለኝ።

ራሱ ባወጣው ደንብ የተያዘ ሰው አቤት የሚለው ለመስታወት ነው። 

ቀበሌው ሰብል ሲበሉ የተገኙ እንስሳትን የሚያስርበት አጥር አለው። ሞተሯን እዚያ ወሰዷት። ባቄላ የበላ አህያ፣ ጎመን የበሉ ሁለት ፍየሎችና የእኔ ሞተር ጎን ለጎን ቆሙ። ከድር ሞተሯን በገመድ ባሕር ዛፉ ላይ አሰራት። «ቁልፏን እኮ ይዘኸዋል፣ የት ትሄዳለች?» ብለው፣ «አሠራር ነው» አለኝ። የመያዣ ቅጹም የተዘጋጀው ለእንስሳት ስለሆነ እንደዚያው ተሞላ። ዓይነት፣ ባለ አራት እግር። ቀለም፣ ቀይ። ምልክት፣ ቀኝ ጆሮዋ የተሰበረ፤ መስታወቷን ማለቱ ነው። ጾታ የሚለው ላይ ሲደርስ ከድር ብዕሩን አፉ ላይ አድርጎ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «አልታወቀም» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

የዚያን ቀን አማቴ ቤት በእግሬ ደረስኩ። እትዬ አሰገደች በር ላይ ተቀምጠው ከጭዱም ከገብሱም የተረፈብኝን አዩ። ምንም አላሉም። «ምንም» ስንል ምን ማለታችን እንደነበር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

ደንቡ አንድ በር ይተዋል። ባለማሳው ይቅር ካለ፣ አጥፊውም ዳግመኛ ላያጠፋ ከፈረመ፣ የተያዘው ይለቀቃል። በሳምንቱ የቀበሌውን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዤ፣ በአገሩ ወግ ለምለም ሣር በእጄ ጨብጬ አዴ ፋጤ ደጅ ቆምኩ። ሣር ይዞ ደጅ የቆመን ሰው ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ይህን ስለማውቅ ሣሩን አብዝቼ፣ ሁለት እጄን ሞልቼ ነበር የያዝኩት።

አዴ ፋጤ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። እኔም ተናገርኩ፤ በኦሮምኛ ጀምሬ በአማርኛ አለቀስኩ። አዴ ፋጤ አዳመጡኝና፣

«እኔ ካንተ ጸብ የለኝም» አሉ። «ገብሱ ዝናብ ሲመጣ ብዙው ይነሣል። የተጣላችህ ላሟ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስትታለብ ወተቷን ትይዛለች፤ ሞተር የሚመስል ድምፅ ስትሰማ ትደነብራለች። እሷን ለምናት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ገመቹ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «መምህር፣ ተበዳይዋ እሷ ናት ከተባለ...» አለኝ።

ምን ላድርግ? ወደ ላሟ ዞርኩ። የዲግሪ ምሩቅ ነኝ። አንድ ትውልድ ስለ መብትና ግዴታ አስተምሬያለሁ። ሣሬን ይዤ ላም ፊት ቆምኩና፣ «በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። ላሟ አየችኝ። በማሳው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ያየችውን ፊት አወቀችው። ጆሮዋን አራገበች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ ያን ለእርቅ የመጣ ሣር ከእጄ ላይ አንዲት ዘለላ ሳታስቀር በላችው፤ በላዩም መዳፌን ላሰችኝ።

«ኤዬ! ተቀበለች!» ብለው አዴ ፋጤ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም ዳግመኛ ሞተሯ ከመንገድ ብትወጣ እንድትወረስ ተስማምቼ ፈረምኩ።

አሁን ሞተሯን ወደ አማቴ ግቢ ማድረስ ነው። እኔ ግን ምዬ ተገዝቻለሁ፤ ሞተሩን አላስነሣም። በፈረስ ትጎተታለች። ዳማን ልዋስ ሰው ስልክ፣ መልስ ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸው፤ እትዬ አሰገደች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የዳማን ልጓም ይዘው በቀበሌው በር ሲገቡ አየሁ። ከሐዘኑ ወዲህ ከግቢ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«እማማ፣ ምነው ራስዎ ለፉ?»

«ፈረሴን ላንተ እሰጣለሁ?» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የነገሩኝ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ደስ አለኝ።

ከድር ሞተሯን ከዛፉ ፈታት። አህያውና ፍየሎቹ ቀደም ብለው ተለቀዋል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። መሪዋ እንዲዞር ቁልፏን ከቦታው አስገባሁት። ገመዱን ከዳማ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የማውቀውም አንድ አስተሳሰር ስለሆነ እንደ ጫማ ክር ቋጠርኩት። እትዬ አሰገደች ጉልበታቸውን ይዘው ቆም አሉ።

«ደክሞዎት ከሆነ ላይዋ ይቀመጡ እማማ። እኔ ዳማን እስባለሁ፤ እርስዎ እንደ ጋሪ ነው፤ ምንም አይንኩ ብቻ።»

ወጡ። ሲቀመጡ ሳይ ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ። እንደ ጋሪ አልተቀመጡም። ወገባቸውን ቀጥ፣ ጉልበታቸውን ገጠም አድርገው፣ ኮርቻ ላይ እንደወጣ ሰው ነበር የተቀመጡት።

የዚያን ቀን ደግሞ፣ ዕድሌ ሲገርማችሁ፣ ደንቡ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ ሊያዩ ከወረዳ እንግዶች መጥተው ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ከቢሮው ፊት ለፊት የጋራ ግጦሹ ሜዳ ነው። እኛ በዳሩ ባለው መንገድ ቀስ እያልን ሄድን።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ ከኋላዬ።

«እማማ አይንኩ፣ የፍሬን ናት።»

«ይቺስ?»

«እማማ አይን...»

ወፍጮ ቤቱ ተነሣ። ዳማ ደነገጠ፤ ገመዱን መነጨቀው። የእኔ ቋጠሮ እንደ ጫማ ክር በአንድ ሳብታ ተፈታ። ፈረሱ በግራ፣ አማቴ በቀኝ፣ እኔ የወለቀ ልጓም ይዤ በሆዴ መሃል መሃሉን።

ስነሣ በግጦሹ ላይ ነበሩ። በጎቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው መንገድ ሰጧቸው። ብቻውን የቆመውን ጽድ ዞሩት። ጅረቷን፣ ስፋቷ ሁለት እርምጃ ነው፣ ውኃውን በግራና በቀኝ እየረጩ ተሻገሯት፤ ተመልሰውም ተሻገሯት። ነጠላቸው ከኋላ ተዘርግቶ ይውለበለባል። እኔ «እማማ! እማማ!» እያልኩ እሮጣለሁ። ዳማ ደግሞ ድንጋጤው ለቆት፣ ነገሩ እሽቅድምድም መስሎት፣ ከጎናቸው ይጋልባል። ከቢሮው ኦቦ ገመቹ፣ የወረዳ እንግዶቹም ከነብዕራቸው ወጡ። አዴ ፋጤ በአጥራቸው ላይ ሆነው «አሰገደች! በርቺ!» ይላሉ። ሦስት ዙር ዞሩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ፤ እየፈጠኑ መጡ፤ እንግዶቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሞተሯ ከከድር ጫማ አንድ ክንድ ያህል ስትቀር ጸጥ ብላ ቆመች።

እትዬ አሰገደች ጉንጫቸው ቀልቷል። ዞር ብለው ፈለጉኝ፤ ከኋላ እያለከለክሁ መድረሴ ነበር።

«አውራ ጣትን ማንሣት ነው» አሉኝ። «ይሄ ነው ያቃተህ?»

ከድር እንግዶቹን አየ። ኦቦ ገመቹን አየ። ሰማዩንም አየ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይውረዱ። ይዣታለሁ።»

«ያዝ። ከመያዝህ በፊት ግን አንድ ጊዜ ልድገመው?»

ሁለተኛ ጥፋት ማለት ይህ ነው። ጉዳዩ በሳምንቱ ለቀበሌው ኮሚቴ ቀረበ። እኔ በበኩሌ ስምንት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አላየሁም። የተሾመ «አደራ» በጆሮዬ ይጮኻል። የመከላከያ ጽሑፌን በሦስት ገጽ አዘጋጀሁ። ሙግቴም ጠንካራ ነበር። ደንቡ የሚለው «በግዴለሽነት የተነዳ» ነው፤ እትዬ አሰገደች ግን አንድ በግ ሳይነኩ፣ አንድ ሰው ሳይገጩ፣ በጥንቃቄ ነው የነዱት። ይህ ችሎታ እንጂ ግዴለሽነት አይደለም። ከአማቴ የሚፈለገውም ሁለት ቃል ብቻ ነው። «እማማ፣ ሲጠይቁዎት ‹ሳላውቅ ነካሁት› ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ።» ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

አዳራሹ ሞላ። እንዲያ ያለ ሕዝብ እኔ ደንቡን ባብራራሁ ጊዜ እንኳ አልመጣም። ሙግቴን አነበብኩ። ከድር ለምስክርነት ተጠርቶ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «በጎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አንድም አልተነካም» አለ። የኮሚቴው አባላት ተንሾካሾኩ። አንደኛው ራሱን በአዎንታ ወዘወዘ። ኦቦ ገመቹ ፈገግ ሲል ሳይ፣ ተሾመ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ ዳንኩ አልኩ።

«እንግዲህ፣» አለ ኦቦ ገመቹ በረጋ ድምፅ፣ «አንዲት ጥያቄ ብቻ። እትዬ፣ ሳያውቁ ነው የነኳት፣ አይደለም?»

እትዬ አሰገደች ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሳላውቅ ነካሁት» አሉ።

ተነፈስኩ።

«የመጀመሪያውን ዙር ነው እሱ። ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው።»

 በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። በሸሚዜ ጫፍ ምልክት ሰጠኋቸው። አላዩኝም፤ ወይም አይተውኛል።

«ሦስተኛውንማ፣» አሉ፣ «ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ጊዜ ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ? ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

 ከኋላ አዴ ፋጤ በሳቅ ፈነዱ። ተከትሎም አዳራሹ ሁሉ። ኦቦ ገመቹ ፊቱን በደንቡ ወረቀት ሸፈነ፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከድር ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሊስቅ ሲል እየነከሰው ከንፈሩ አበጠ። የእኔ ሦስት ገጽ መከላከያ እጄ ላይ ሞተ። ዓይን ጨፍኖ መንዳት ግዴለሽነት አይደለም ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ገና አልተወለደም።

«እትዬ፣ በዚህ ቃልዎ ሞተሯ ትወረሳለች እኮ» አለ ኦቦ ገመቹ እንባውን እየጠረገ።

«ትወረሳ! ደንቡ ለጎረምሳ ብቻ ነው የወጣው? ጎረምሳው የፋጤን ገብስ ሲረግጥ ይያዝ ባይ ነበርኩ። ዛሬ እኔ ስሆን አሮጊት ናት ተብዬ ልታለፍ? እምቢ። ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ፤ ጻፍና ማኅተሙን ምታ።»

ተጻፈ፤ ማኅተሙም ተመታ። ሞተሯ ራቅ ወዳሉ መንደሮች እየሄደ ከብት ለሚያክመው የእንስሳት ጤና ኬላ ተሰጠች። መንገድ መንገዱን ብቻ እንድትሄድ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተሰመረበት።

ከአዳራሹ ስወጣ፣ የመጀመሪያውን መያዝ ብቻ ለነገርኩት ለተሾመ መደወል ነበረብኝ። ከዚያ ስልክ ይልቅ ሌላ የጭድ ክምር ውስጥ በጭንቅላቴ ብገባ በመረጥኩ።

«ጋሼ! ተለቀቀች?»

«ተሾመ... ተወረሰች።»

 «ማን ነው የነዳት?»

«እማዬ።»

«የማን እማዬ?»

«ያንተ።»

ሊጮኽብኝ አየር ሲስብ ሰማሁት። መብቱ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁት። ጩኸቱ ግን አልመጣም። ከኋላዬ እትዬ አሰገደችና አዴ ፋጤ ተደጋግፈው ይስቃሉ፤ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትጀምራለች።

«ጋሼ፣» አለ ተሾመ ቀስ ብሎ፣ «ያ የማን ድምፅ ነው?»

«የእናትህ።»

«እማዬ እየሳቀች ነው?»

«ካቆሙ እነግርሃለሁ።»

 አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማኝ። ያለውን ሁሉ ያፈሰሰባት ሞተር እንደሄደች፣ የቱሪዝም ሐሳቡም እንጉዳዩ ወደ ሄደበት እንደሄደ ሁለታችንም እናውቃለን። «ስጣት እስቲ» አለኝ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ገልብጠው ያዙት፤ አዴ ፋጤ አቀኑላቸው።

«አቤት ልጄ... አዎ... እኔ ነኝ፣ እኔ ራሴ... አይ፣ አልወደቅሁም፤ የወደቀውስ መምህሩ ነው... አታልቅስ እንጂ፣ ምን ሆንክ? ከብት ይታከምባታል፤ መልካም ሥራ ነው... እሺ... እሺ። ስማ ተሾመ፣ ሌላ ስትገዛ ድምፅ የሌላት ትኖር እንደሆነ ጠይቅልኝ። ይቺኛዋ ገና ስትነሣ ነው ለከድር የምትናገረው።»

ከድር አጠገባችን ቆሞ ነበር። ብዕሩን ከኪሱ አወጣና ደብተሩ ላይ «ድምፅ የሌላትንም ይጨምራል» ብሎ ጻፈ።